የጤዛ ሳሙናዋ ልጅ

ዛሬ ጠዋት ለካርቶን ባርኔጣዬን አነሳሁ። ማንሳት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ጎንበስ ብዬ «እለፊ እቴ፣ እኔን ምን ያስቸኩለኛል» ብዬ መንገድም ለቀቅኩላት። ከፖስታ ቤቱ ዝቅ ብሎ ካለው የመዋቢያ ዕቃ መደብር በር ላይ ቆማለች፤ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ፀጉሯ ረጥቦ፣ አንገቷን ወደ እኔ መለስ አድርጋ። አላለፈችም። እኔም ጨዋ ነኝና ቆምኩ። አንዱ የባጃጅ ሾፌር «አባባ፣ እሷ እኮ ከበሩ የምትነሳው ማታ ሱቁ ሲዘጋ ነው!» ሲል መንገደኛው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅኩ፤ በሰባ ስድስት ዓመቱ ከወረቀት ሴት ጋር የሚግደረደር ሰው ካልሳቀ ማልቀሱ ነው። መነጽሬን ከደረት ኪሴ አውጥቼ ዓይኔ ላይ ሳደርግ ግን ሳቁን ትቼ ጠጋ አልኩ። ልጅቷን አውቃታለሁ። በናዝሬት የማስታወቂያ ፎቶ ፈር ቀዳጅ አሰኝታኛለች። ከሞተች አርባ ዓመት አልፏታል።

እሱ እንኳ አያስደነግጠኝም። ፎቶ አንሺ ሆኖ ያረጀ ሰው ሙታን መንገድ ላይ ቢያጋጥሙት ሰላም ብሎ ያልፋል። ያስደነገጠኝ ከግራ ዓይኗ ሥር ያለችው ነገር ናት። የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ምልክት፤ ሰው ሲወለድ ይዟት የሚመጣ፣ እናቶች «ማርያም ስማው ነው» የሚሉላት። ያቺን ምልክት ከዚያ ፊት ላይ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ በዚህ እጄ፣ ሹል በተቀረጸ እርሳስ። ካሌንደሩ ላይ አልነበረችም። የሳሙናው መጠቅለያ ላይ አልነበረችም። በሕይወት ካለ ሰው መሃል እዚያ ቦታ ላይ ምልክት እንደነበረ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ወይም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ጣቴን በምራቄ አስነካሁና ጠረግ ጠረግ አደረግኳት። አልለቀቀችም።

የመደብሩ ልጅ ወጣች። ጥፍሯ ረጅም፣ ልቧ ደግ።

«አባባ፣ ምነው? ቆሸሸብዎት እንዴ?»

«ይቺ ነጥብ ከየት መጣች የኔ ልጅ?»

«እኔ እንጃ፤ ዲዛይኑን የሠራው ልጅ ነው የሚያውቀው። ልደውልለት?»

ደወለችለትና ድምፁን ከፍ አደረገችልኝ። ልጁ ትሑት ነው። «አባቴ፣ ነጥቧን እኛ አልጨመርናትም» አለኝ። «ፎቶውን ያገኘነው ከአሮጌ የሳሙና ካሌንደር ላይ ነው። ደራ፣ የአያቴ ጎረቤት ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ። የድሮ ነገር አሁን ተፈላጊ ነው አይደል? ነጥቧም እዚያው ነበረች፣ ደስ ስላለችን ተውናት። ካሌንደሩን ማን እንደሠራው ያውቃሉ እንዴ?»

«አላውቅም» አልኩት። ለብዙ ነገር ደክሜያለሁ፣ ለመዋሸት ግን ገና ነኝ። የአያቱን ስም ጠይቄ፣ «አዴ ፋጡማ ብለው ይጠይቁ» የሚለውን ይዤ ወደ ቤቴ አዘገምኩ፤ ሦስቴ ወደ ኋላ እየዞርኩ። ሦስቱንም ጊዜ እያየችኝ ነበር። አዎ፣ እንደዚያ አድርጌ ያነሳኋት እኔው ነኝ፤ ካሜራውን ያየ ሰው ፎቶው ውስጥ በየት በኩል ብትሄድ ይከተልሃል። ይህን ለስንት ተማሪ አስተምሬያለሁ። ዛሬ ግን ትምህርቱ ለራሴ አልሠራልኝም።

ያኔ አዳማን ናዝሬት ነበር የምንላት፤ አሁንም ሁለቱ ስሞች አፌ ላይ እየተጋፉ ነው የሚወጡት። ፎቶ ቤቴ ከባቡር ጣቢያው ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበረች። ባቡሩ ሲጮህ ግድግዳው ላይ ያሉት ሙሽሮች ሁሉ በመስታወታቸው ውስጥ ይንቀጠቀጡ ነበር። መንገዱ የጋሪ ነው፤ የፈረሱ ቃጭል፣ የብርቱካን ልጣጭ ሽታ፣ ከጠጅ ቤቱ ራዲዮ የሚወጣ የክራር ዘፈን። የወንዱ ሱሪ ከታች ደወል፣ የሴቷ ጫማ ከታች ፎቅ ነበር፤ የእኔ ፀጉር ደግሞ፣ ዛሬ ይህን ራሰ በራ ያየ ላያምነኝ ይችላል፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚያስብል ጎፈሬ ነበር። ሦስት ጉርድ ፎቶ በአንድ ብር ከሃምሳ። ከጀርባ የሚዘረጉ ሁለት መጋረጃዎች ነበሩኝ፤ በአንዱ የሶደሬ ዘንባባ፣ በሌላው ደረጃው የተዘረጋ አውሮፕላን። ሁለቱንም የሳላቸው ጓደኛዬ ቱፋ ነው፤ ነፍሱን ይማር። ከአውሮፕላኑ ደረጃ ላይ ቆሞ እጁን ያላወዛወዘ የናዝሬት ጎረምሳ አልነበረም፤ አብዛኛው ከሞጆ አልፎ አያውቅም። አንዲት ጥቁር ኮትም ነበረችኝ፣ ለደንበኛ የምትዋስ። ከዚህ እስከ መቂ ድረስ በየቤቱ ግድግዳ የተሰቀሉት አባቶች ሁሉ የለበሱት ያችኑ አንዲት ኮት ነው። አንዳንዴ ለቅሶ ቤት ስገባ ከሟቹ በፊት ኮቴን ነው የማውቃት።

ከጉርድ ፎቶ ወደ ማስታወቂያ ያሻገረኝ አንድ የሳሙና ፋብሪካ ባለቤት ነው። ሳሙናው «ጤዛ» ይባላል፤ ሰውዬው ለአዲሱ ዓመት ካሌንደር ፈለገ። «ሴት ትኑርበት፣ ውሃ ይኑርበት፣ ሌላውን አንተ ፍጠር» አለኝ። እኔም በማግስቱ «የፈጠራ ኃላፊ» የሚል ካርድ አሳተምኩ። ኃላፊው እኔ፣ ሠራተኛው እኔ፣ ዘበኛውም እኔ። ካሜራዬን አንግቼ ቱፋን ይዤ ሶደሬ ወረድኩ። ማለዳ ነው። ፍል ውሃው ገና ይጨሳል፣ አየሩ የተጫረ ክብሪት ይሸታል፣ ጦጦቹ የሰው ቁርስ ለመንጠቅ በየግራሩ ላይ ተሰልፈዋል። አንዲት ሴትዮ ለጉልበት ሕመማቸው እስከ አንገታቸው ውሃው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ልጃቸው ከዳር ፎጣ ይዛ ቆማ ትጠብቃቸዋለች፤ እሷም ፀጉሯን አርጥባለች። እማማ ድንቄና ልጃቸው ሐረገወይን። ከደራ ነው የመጡት።

«እማማ፣ ልጅዎን ፎቶ ላንሳት?»

«ለምን ብለህ?»

«ለሳሙና።»

«ልጄ ቆሻሻ ናት?»

ሐረገወይን ይህን ስትሰማ ለመሳቅ ዞረች፤ ፎጣው ትከሻዋ ላይ እንዳለ፣ አንገቷን ወደ እኛ መለስ አድርጋ። ጣቴ ራሱ ነው የተጫነው። በሕይወቴ ሠራሁ የምለው ሥራ ያቺ አንዲት ቅጽበት ናት፤ የቀረው ወሬ ነው።

«ካነሳሃት አይቀር ለእኔም አንድ ታጥብልኛለህ» አሉኝ እማማ ድንቄ ከእንፋሎቱ ውስጥ። «ቤቴ ፎቶ የሚባል የለም።»

«በማርያም! የመጀመሪያዋ የእርስዎ ናት።»

«እሷን አትጥራ። እሷ አሻራዋን አኑራባታለች» ብለው ከውሃው ውስጥ በእርጥብ ጣታቸው የልጃቸውን ጉንጭ አሳዩኝ። «ማርያም የሳመቻት ናት ልጄ።»

ፎቶውን አጥቤ ለፋብሪካው ባለቤት ሳሳየው መጀመሪያ ፊቱ በራ፣ ቀጥሎ ጠቆረ። «ይሄ ምንድን ነው? ሳሙናዬ ያላስለቀቀው እድፍ ነው የሚሉኝ!» እንግዲህ ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ ያኔ ኮምፒዩተር የለም። በኔጋቲቭ ላይ ነገሩ ሁሉ የተገላቢጦሽ ነው፤ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር። በፊት ላይ ያለ ጥቁር ምልክት እዚያ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ይሆናል፤ ቀዳዳዋን በሹል እርሳስ፣ ትንፋሽህን ይዘህ፣ ነጥብ በነጥብ ትደፍናታለህ። ሲታተም ምልክቷ የለችም። ሪታች ይባላል፤ በዚህ አገር ከእኔ የተሻለ ሪታች የሚሠራ እጅ አልነበረም። ለሰዓታት አቀርቅሬ ማርያም የሳመቻትን ደፈንኳት። ከሥሯ «ፊትሽ ይመስክር!» ብዬ ጻፍኩ። ለጽሑፉም ጭብጨባ አገኘሁ።

ለእማማ ድንቄ ፎቶ አላጠብኩላቸውም። ለምን ወረቀት ላባክን? ካሌንደሩ ሲወጣ አንዱን ጠቅልዬ፣ በአንድ ደርዘን ሳሙና ላይ ጭኜ በአሰላ አውቶቡስ ላክሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የስምጥ ሸለቆ ግድግዳ ይመስክር። ሞጆ፣ መቂ፣ ዝዋይ፣ ሻሸመኔ፤ በየሱቁ፣ በየፀጉር ቤቱ፣ በየሻይ ቤቱ ሐረገወይን አንገቷን መለስ አድርጋ ትስቃለች። ዘመን ሲለዋወጥ ከሱቁ በላይ በኩል የሚሰቀለው የመሪ ፎቶ ይወርድና ሌላ ይወጣል፤ እሷን ከጎን የሚነካት አልነበረም። ሌሎች ፎቶ አንሺዎች አቀማመጧን ሰረቁኝ። የዘይቱም፣ የመኮሮኒውም፣ የጸጉር ቅባቱም ማስታወቂያ ሴት ሁሉ አንገቷን መለስ አደረገች። ሙሽሮች «እንደ ጤዛ አድርገህ አንሳኝ» እያሉ ይመጡ ጀመር፤ እንደ ጤዛ ማለት ደግሞ ያለ ምልክት ማለት ነው። የፈንጣጣ ጠባሳ፣ የአንገት ንቅሳት፣ የልጅነት ቃጠሎ፣ ሁሉንም ደፈንኩ። የአንድ ትውልድ ፊት በእርሳሴ ሥር አለፈ። አንድ ጊዜ መቂ ውስጥ አንድ ሰው የሟች ሚስቱን ፎቶ ትኩር ብሎ እያየ «ስታገባኝ እንዲህ ነበረች እንዴ?» ብሎ ጎረቤቱን ሲጠይቅ ሰምቼ በኩራት ደረቴን ነፋሁ። ይኸው፣ በስተርጅና ደረቴ ተንፍሷል።

ሐረገወይን በዚያው ዓመት ሞተች። ወደ አዋሽ ታች፣ ጥጥ እርሻ ውስጥ ጸሐፊ ሆና ተቀጥራ ነበር። የወባ ወቅት ነው፤ ሙቀቱ ሬሳ አያሳድርምና በዕለቱ ቀበሯት። እናቷ የደረሱት በሦስተኛው ቀን ነው። ፊቷን ሳያዩ።

እኔና ቱፋ ለቅሶ ደራ ሄድን። እንደምታውቁት በእኛ ዘንድ የሟች ፎቶ ለቅሶው መሃል ይወጣል፤ ከፍ አድርገው ይዘውት ይዞራሉ፣ አስለቃሿ ፎቶውን እያየች ትገጥማለች፣ እናት ፎቶውን አቅፋ ይወጣላታል። ያ ቤት ግን አንድ ካሌንደር ብቻ ነው የነበረው። ነፋስ ነበር፤ ጥቁር የለበሱት ሴቶች የሳሙና ማስታወቂያዬን ከራሳቸው በላይ ይዘው ሲዞሩ አሥራ ሦስቱ ወራት ከሥሯ ይርገበገባሉ። «ፊትሽ ይመስክር!» ይላል በቀይ። ሳቅ እንዳያመልጠኝ ከንፈሬን ነከስኩ፤ አዎ፣ እንደዚህ ያለሁ ሰው ነኝ። ካሌንደሩን ለእማማ ድንቄ ሰጧቸው። ተቀበሉት። ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ለቅሶው ሁሉ የእሳቸውን ጩኸት ጠበቀ።

«ይቺ ማናት?» አሉ።

«ልጅዎ ናት እንጂ እማማ ድንቄ! ሐረግ!»

«አይደለችም።» ካሌንደሩን ወደ ብርሃኑ አዞሩት። «ማርያም የሳመቻት የታለች? ፊቷን ሳላይ ቀበሩብኝ፤ በፎቶዋ አለቅሳለሁ ብዬ ነበር። ይቺን አላውቃት። ለማላውቃት ሰው እንዴት ብዬ ላልቅስ?»

ከዚያ እኔን አዩኝ። ዓይናቸው እንደ አቢጃታ ሐይቅ ዳር ደርቆ ነጭ ሆኗል።

«አንተ ልጅ፣ ወዴት አደረግካት?»

«እመልሳታለሁ እማማ» አልኩ። «ትንሽ ሥራ ናት።»

በእውነትም ትንሽ ሥራ ነበረች። ትልቁ ኀፍረቴ ይኸው ነው። እርሳስ እኮ ነው! ጥጥ በአኳራጅ ነክሮ አንድ ጊዜ ጠረግ ማድረግ፣ አንድ ወረቀት ማጠብ። አንድ ስኒ ሻይ የማይጠጣበት ጊዜ። ግን የሁለተኛው ዓመት ካሌንደር ከዚያው ኔጋቲቭ ሊታተም ነው፣ ሪታቹን ካጠፋሁት እንደገና እንደዚያ አሳምሬ እሠራው ይሆን? እውነቱን ልናገር ካልኩ እሱም ሰበብ ነው። ያቺን እርሳስ መጥረግ ራሴን መጥረግ መሰለኝ። ስሜ ያለው እሷ ላይ ነበር።

እማማ ድንቄ በየዓመቱ ለኅዳር ጽዮን ናዝሬት ይመጡ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ፎቶ ቤቴ ገብተው፣ ከሙሽሮቹ መሃል አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ። ከጓሯቸው የለቀሙትን ቃሪያ በመሐረብ ቋጥረው ያመጡልኛል። አይቆጡም፣ አይረግሙም።

«ደረሰልህ ወይ ልጄ?»

«ትንሽ ቀርቶታል እማማ።»

«እሺ። አላለቀስኩም እኮ እስካሁን። እየጠበቅኩህ ነው።»

ቃሪያውን በላሁ። በየዓመቱ በላሁት።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያለውን የሚያምን ይመን፤ እኔ ራሴ ግማሹን ቀን አምነዋለሁ፣ ግማሹን እስቅበታለሁ። ለሁለተኛው ካሌንደር ፎቶዋን ላትም ጨለማ ክፍል ገባሁ። በቀዩ አምፖል ሥር ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ስታስገባው መጀመሪያ የሚወጣው ፀጉር ነው፤ ከዚያ ዓይን፣ ከዚያ ከንፈር። ሁሌም እንደዚያ ነው። ያን ቀን መጀመሪያ የወጣችው ነጥቧ ናት። ሌጣ ነጭ ወረቀት ላይ አንዲት ነጥብ ብቻ። ቆየት ብሎ ፊቷ በነጥቧ ዙሪያ ተሰበሰበ። ኔጋቲቩን አውጥቼ አየሁት፤ እርሳሱ ረግፏል። እንደገና ደፈንኩ። በማግስቱ ረገፈ። ለሦስተኛ ጊዜ አጥብቄ ደፈንኩ፤ ወረቀቱ ላይ ግን ነጥቧ ቀድማኝ ወጣች። «የናዝሬት ሙቀት ነው» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ብቻዬን ሆኜ። በመጨረሻ በታተመው ወረቀት ላይ በነጭ ቀለም ሸፈንኩና ላክሁት። ኔጋቲቩን በፖስታ አሽጌ ሣጥን ውስጥ ከተትኩ፤ ከዚያ ወዲያ አልከፈትኩትም።

ወር ሳይሞላ ከቡልቡላ አንድ ባለሱቅ ድረስ መጣ። ቱፋ የሱቁን ግድግዳ በሙሉ ሐረገወይንን ስሎበት ነበር፣ ሁለት ሰው የሚያህል ፊት።

«አንተ ፎቶ አንሺ!» አለኝ ሰውዬው፤ «ሴትዮህ ፊት ላይ ዝንብ አርፏል። በጭራ እናባርራለን፣ አይበርም። ደንበኛ ሳሙናውን ትቶ ዝንቡን ነው የሚያይ!»

ሄድን። ከግራ ዓይኗ ሥር፣ ከቀለሙ ውስጥ ወደ ውጭ፣ የእንጀራ አገልግል ክዳን የምታህል ጥቁረት ብቅ ብላለች። ቱፋ ቀለሙን ከፈተ። «ዋቅኒ በካ! እግዜር ያውቃል፣ እኔ አልቀባሁም!» ቀባባት። በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰች። «ከሥር ሬንጅ ነክቶት ይሆናል» ተባባልን፣ ዓይን ለዓይን ሳንተያይ። ከዚያ በኋላ ቱፋ ፊቷን በየትም ግድግዳ አልሳለም፤ እጇንና ሳሙናውን ብቻ። ሰው «ዘመናዊ አሳሳል ነው» አለ፤ እኔም የፈጠራ ኃላፊ ነኝና «አዎ» አልኩ፤ ሌሎችም ሳሙና የያዘ እጅ ብቻ መሳል ጀመሩ። እንግዲህ እንዲህ ነው በኪነ ጥበብ አዲስ ዘመን የሚከፈተው።

አንድ ኅዳር ላይ እማማ ድንቄ አልመጡም። በሚቀጥለውም አልመጡም። ሞተዋል ብዬ አሰብኩ። «ነፍስ ይማር» ስል ከደረቴ ላይ አንድ ነገር ሲነሳልኝ ተሰማኝ፤ ያንን ቅለት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ ቤቴ ደረስኩና ሣጥኑን ከአልጋ ሥር ጎተትኩ። ፖስታዋ አለች። ኔጋቲቩን ወደ መስኮቱ አንስቼ አየሁት። ባዶ ነው። ፀጉሯ የለም፣ ሳቋ የለም፣ ፎጣው፣ እንፋሎቱ የለም፤ ምስሉ ከዓመታት ብዛት ጠፍቶ እንደ ውሃ የጠራ ፊልም ሆኗል። መሃሉ ላይ ግን አንዲት ግራጫ ነጥብ ቁጭ ብላለች። እርሳሴ። ያኔ አልይዝ ብላ የምትረግፈው እርሳሴ፣ ልጅቷ ሄዳ እሷ ቀርታለች። ባርኔጣዬን መልሼ ደፋሁና መናኸሪያ ሄድኩ። «ደራ፣ ኢተያ፣ አሰላ!» ይላል ረዳቱ። ላለመሄድ ሰበብ እንዳላገኝ ቶሎ ገባሁ።

አዴ ፋጡማ በራቸው ላይ ምስር ሲለቅሙ አገኘኋቸው። የእኔ እኩያ ናቸው፣ ምላሳቸው ግን ከእኔ ወጣት ነው።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ?»

«ነጋ፣ ነጋ! ኦቦ፣ ከየት መጡ?»

«ከናዝሬት። ፎቶ አንሺ ነበርኩ፤ እማማ ድንቄን…»

ምስሩን አስቀመጡት። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና እጃቸውን አጨበጨቡ። «ትንሽ ቀርቶታል! አንተ ነህ ትንሽ ቀርቶታል?» ለካ ደራ ውስጥ ከነስሜ የሚያውቀኝ የለም፤ ያ መንደር በዚህ ዘመን ሁሉ ሲጠራኝ የኖረው በዚህ ነው። ቀጠሮ የሚያበዛ ልብስ ሰፊ ካለ «እንደ ናዝሬቱ ትንሽ ቀርቶታል» ይሉታል አሉ። ታዋቂ መሆኔን ሁሌም እጠረጥር ነበር።

ቁልፍ አውጥተው የጎረቤታቸውን የእማማ ድንቄን ቤት ከፈቱልኝ። ከሞቱ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል አሉኝ፤ ቤቱ ዘመድ እስኪመጣ ተዘግቶ ነው። ሞተዋል ብዬ ካሰብኩ በኋላ ስንት ኅዳር ኖረዋል ማለት ነው።

«ታዲያ ለምን መምጣት ተዉ?»

«አንድ ኅዳር ከናዝሬት ተመለሰች» አሉኝ አዴ ፋጡማ። «‹ፋጡማ፣ ያ ልጅ ዛሬም ትንሽ ቀርቶታል አለኝ። ትንሽ ከሆነማ እኔ አልጨርሰውም?› አለችኝ። ኩሌን ለመነችኝ፤ አዲስ ብልቃጥ ነበር፣ ከሐረር የመጣልኝ። በትንሿ ጣቷ ነከረችና ካሌንደሩ ላይ፣ ከዓይኗ ሥር፣ አሳረፈችው። ወደ ኋላ ሸሸት ብላ አየቻት። ‹መጣሽ?› አለቻት። ኦቦ፣ ያን ቀን የጮኸችው… ሦስት ቀን አለቀሰች። መንደሩ እንደገና ለቅሶ ተቀመጠ። በአራተኛው ቀን ተነስታ ጎመን ቀቀለች። ከዚያ ወዲያ ሰው ሆነች። በየዓመቱ ለጽዮን ስትደበዝዝ ታድሳት ነበር።»

ካሌንደሩ ከውስጠኛው ክፍል ግድግዳ ላይ ነው። ቀለሙ ሁሉ ጠፍቷል፤ ቀዩ ጽሑፍ ቡናማ፣ ፊቷ ገለባ መስሏል። ነጥቧ ግን ጥቁር ናት። ድቅድቅ ያለች ጥቁር።

«አሁንስ ማን ነው የሚያድሳት?»

«ማን ያድሳታል? ቁልፉ እኔ ጋ ነው። የልጄ ልጅ ፎቶ ሊያነሳ ሲመጣ ነው የተከፈተው፤ እሱም አልነካትም።»

ጣቴን አስጠጋሁና ነካሁ። ጣቴ ጠቆረ። እርጥብ ነበረች። ሁለታችንም ጣቴን አየን፤ ውጭ ዶሮ ስትጮህ ሁለታችንም ዘለልን።

«ሙቀቱ ነው» አሉ አዴ ፋጡማ።

«ሙቀቱ ነው» አልኩ እኔም። ጣቴን በመሐረቤ ጠርጌ፣ መሐረቡን ግን ኪሴ ውስጥ መልሼ ማስገባት ፈርቼ በእጄ ይዤው ወጣሁ።

በሩን ሲቆልፉ «ኦቦ፣ ኩሌስ?» አሉኝ።

«የቱ ኩል?»

«ብልቃጤን ሙሉውን ጨርሳብኝ ነው የሞተችው። ‹ሥራው የልጁ ነው፣ ኩሉንም ልጁ ይመልስልሻል› ብላኛለች። ምስክር አለኝ፣ አላህ።»

«አመጣለሁ።»

«መቼ?»

ምላሴ ከለመደችው ቃል ላይ ደርሳ ነበር። ነከስኳት። «ነገ» አልኩ።

ስመለስ ገና ጀንበር አልጠለቀችም። ከመናኸሪያው በቀጥታ ገበያ ገብቼ አንድ ብልቃጥ ኩል ገዛሁ፤ የመዳብ ክዳን ያለው፣ ጥሩውን። ደስ ብሎኝ፣ አርባ ዓመት የተሸከምኩትን ኪሴ ውስጥ ከትቼ፣ እግረ መንገዴን ልሰናበታት በመዋቢያው መደብር በኩል አለፍኩ። የመደብሩ ልጅ ከሩቅ አይታኝ እየሳቀች ወጣች።

«አባባ! ቆሻሻዋን አስለቀቅንልዎት! በምላጭ ፋቅ ፋቅ ስናደርጋት ለቀቀች። ጠዋት በምራቅዎ ሲታገሉ አንጀቴን በልተውኝ እኮ ነው።»

ከግራ ዓይኗ ሥር፣ የምስር ፍሬ የምታህል ነጭ ቀዳዳ። ለእኔ ሲባል። እኔን ደስ ይበለው ተብሎ። ሐረገወይን ከበሩ ላይ አንገቷን መለስ አድርጋ ታየኛለች፤ በዚያች በነጯ በኩል ደግሞ ሌላ ሰው የሚያየኝ መሰለኝ፣ ከእንፋሎት ውስጥ፣ እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ የተቀመጠ።

ብልቃጡን አወጣሁ። ክዳኑን ፈታሁ። ትንሿን ጣቴን ነከርኩ።

«ኧረ አባባ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ሥራዬን እየጨረስኩ።»

የጠዋቱ ባጃጅ እዚያው ነበር። «አባባ፣ እየኳሏት ነው? መጀመሪያ ሽማግሌ ይላኩ እንጂ!» ብሎ ጮኸ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ነጥቧን አሳረፍኩና ወደ ኋላ ሸሸት ብዬ አየኋት። ባርኔጣዬን አነሳሁ፤ አሁን በስህተት አልነበረም። ዓይኔ ትንሽ አነባ። ኩል ያቃጥላል፣ ሳይቀቡትም።

አሁን ይህን ስጽፍ ብልቃጡ ከፊቴ ነው። ተከፍቷል፣ ጣት ገብቶበታል፤ እንዲህ ያለውን ለአዴ ፋጡማ ይዤ ብሄድ ደራ ሌላ ስም ያወጣልኛል። ገበያው ሲከፈት ሌላ እገዛለሁ። ግን ወደ መናኸሪያው የሚወስደኝ መንገድ በዚያው መደብር በር በኩል ነው፣ የመደብሩ ልጅም ልበ ደግ ናት፣ ምላጯም ስለታም፤ ነጥቧን ደግማ ፍቃ ብትጠብቀኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ለአዴ ፋጡማ ያልተከፈተ አንድ ብልቃጥ ኩል አለብኝ።